«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ሲባል ምን ማለት ነው?

የአባባሉ ምስል ዛፍ ከሚወጣ ሰው የተወሰደ ነው። ቀፎ ለመስቀል የሚወጣ ሰው ግንዱን በእጁ አቅፎ፣ በሁለት እግሩ ቆንጥጦ ነው ሽቅብ የሚሄደው። እግሩ ሁለት ቢሆንም ሰውነቱ አንድ ነው፤ አንዱን እግር እዚህ ዛፍ፣ ሌላውን እዚያ ካደረገ ከሁለቱም ይወድቃል። አቅም አለኝ ብሎ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ለሚጀምር ሰው ይነገራል።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግን ያለ ቦታው ሲነገርም ይሰማል። ስፌት የተማረች ልጅ «የማሽን ጥገናም ልልመድ» ስትል በዚሁ ተረት ትመለሳለች። ይህ ስህተት ነው፣ ዋጋም ያስከፍላል። ተረቱ የከለከለው ሁለተኛውን ዛፍ ነው፤ የወጡበትን ዛፍ ቅርንጫፎች አልከለከለም።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በሐምሌ 2009 ነው። በልብስ ፋብሪካ ሥራው ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ አንዷ እጅጌ ብቻ፣ ሌላዋ ኮሌታ ብቻ ትሰፋለች። ምርቱ ይፈጥናል፣ የሠራተኛዋ እጅ ግን አንድ ነገር ብቻ ለምዶ ይቀራል። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው የንግድ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ስትወጣ ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት በር ተዘጋ። ትእዛዝ ሲቀንስ፣ ወይም ከቲሸርት ወደ ሥራ ልብስ ሲዞር፣ እጅጌ ብቻ የምታውቀው ሠራተኛ የምትዛወርበት ቦታ ያጥራታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ግንዱ ይጽና፤ ግንዱ ቀጥ ያለ ስፌት ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ 1 ሜትር ጨርቅ ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ገብቶ ይሰፋና በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በማስመሪያ ይለካል። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የሚወላገድ ከሆነ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋ ማሽን) ለመጀመር ገና ነው። ሰርተፍኬት ደራርቦ ይህን መስመር ማውጣት ያቃተው ሰው ነው ሁለት ዛፍ የወጣው።

ከዚያ ቅርንጫፉ ይመጣል፤ የመጀመሪያው የራስን ማሽን ማወቅ ቢሆን ይመረጣል። ቲሸርት ሲሰፋ ማሽኑ ስፌት እየዘለለ ነው እንበል። ፔዳል መርገጥ ብቻ የምታውቅ ሠራተኛ እጇን አጣጥፋ መካኒክ ትጠብቃለች። ሌላዋ ማሽኑን አጥፍታ ክሩን ከላይ ጀምራ እንደገና ታስገባለች። አልተስተካከለም? መርፌውን ትለውጣለች፤ ለተለጣጭ ጨርቅ ጫፉ ክብ የሆነ፣ ለስስ ቲሸርት ቁጥር 75 የሆነ። ሹል መርፌ የጨርቁን ክር ይበሳል፣ ቀዳዳውም ልብሱ ከታጠበ በኋላ ይተልቃል። በተለመደው ባለ አንድ መርፌ የፋብሪካ ማሽን የመርፌው ረጅም ቦይ ወደ ግራ መዞር አለበት፤ ዞሮ ከገባ መንጠቆው ክሩን አይይዝም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው።

መርፌው ከቁጥር 75 ወደ 100 ሲቀየር ግን የመርፌና የመንጠቆው ርቀት ይዛባል። ያንን መካኒኩ ያስተካክል፤ እሷ አጠገቡ ቆማ ትይ።