በግቢ ውስጥ የሚሄድ ባቡር፦ የአትክልት ስፍራ ሐዲድ ክበቦችና የወሎ መሬት

ወሎ ገጠር ውስጥ «ባቡር» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚመጣለት ወፍጮ ነው። እህሉን አህያ ላይ ጭኖ ባቡር ቤት የሚሄድ ሰው ሐዲድ አያስፈልገውም። ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ለመለየት «ምድር ባቡር» ተባለ። እዚህ የምናወራው ግን ስለ ሦስተኛው ነው። ሐዲድ አለው፣ ፉርጎ ይጎትታል፣ ጣቢያ ላይ ይቆማል። ቁመቱ ግን ከስንዝር አይበልጥም። የሚሄደውም በድንጋይና በአበባ መሃል፣ ግቢ ውስጥ ነው።

የአትክልት ስፍራ ባቡር ይባላል። ከቤት ውጪ የሚዘረጋ የሞዴል ባቡር መንገድ ነው። ሞዴል የሚያሰኘው፣ ከጎማው እስከ ጣቢያው በር ሁሉም ነገር በአንድ ልክ ተቀንሶ መሠራቱ ነው። ሰው አይሳፈርበትም። (ሰው ተቀምጦበት የሚሄድ አነስተኛ ባቡርም አለ። እሱ ሌላ ዘር ነው፣ አንገባበትም።) አንድ ሰው ለብቻው ሊሠራው ይችላል። ሲሰፋ ግን ጉልበቱም ወጪውም ከአንድ ሰው አቅም ያልፋል። ክበብ የሚመጣው ያኔ ነው።

ነገሩ ሁሉ ከ45 ሚሊ ሜትር ይጀምራል

ድሮ የሞዴል ባቡር ነገር ዝብርቅርቅ ነበር። አንዱ የሠራው ባቡር ሌላው በሠራው ሐዲድ ላይ አይሄድም። ሜርክሊን የተባለው የጀርመን መጫወቻ አምራች እ.ኤ.አ. በ1891 ላይፕሲግ ትርኢት ላይ ቁጥር የተሰጣቸው የሐዲድ ልኮች ይዞ ቀረበ። ከነዚያ ውስጥ ቁጥር 1 የሚባለው ዛሬ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 45 ሚሊ ሜትር ይለካል። ኋላ ግን ትንንሾቹ ልኮች ገበያውን ወሰዱት። ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚበቃው ይሻላል ተባለና ትልቁ ተረሳ።

45 ሚሊ ሜትሩን መልሶ ያስነሳው ሌላ ጀርመናዊ ድርጅት ነው። የኑረምበርጉ ሌማን እ.ኤ.አ. በ1968 ኤልጂቢ የተባለውን ባቡር አወጣ። ሲተረጎም «የሌማን ትልቁ ባቡር» እንደማለት ነው። ዝናብም ፀሐይም ይችላል። ሰው ይዞት ወደ ግቢው ወጣ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ከሰረ፣ በዓመቱ ደግሞ ሜርክሊን ገዛው። ባቡሩ ግን እስካሁን ይመረታል።

አሁን ሂሳብ እንሥራ። ሌማን ልኩን ያደረገው 1 ለ22.5 ነው፤ ባቡሩ ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። 45 ሚሊ ሜትርን በ22.5 ብናባዛ አንድ ሜትር ከአንድ ሳንቲም ይመጣል። ድርጅቱ ያሰበው የአውሮፓን ተራራማ አገሮች ጠባብ ሐዲድ ነበር። ሳያስበው ግን የእኛንም አሮጌ ባቡር ልክ ሰጥቶናል። የጅቡቲው መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበርና። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፣ ሥራው በ1897 ጅቡቲ ላይ ተጀመረ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር ነበር። «ለገሀር» የሚለው ስም ራሱ ከዚያ ዘመን ፈረንሳይኛ የተረፈ ነው።

ወሎ ያን ባቡር አላየውም። ወሎ የደረሰው ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አቅራቢያ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው አዲሱ መስመር ነው። ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የሠራው ያፒ መርከዚ የተባለ የቱርክ ተቋራጭ ነው። በኤሌክትሪክ እንዲሄድ የተሠራ ሲሆን የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ይህንን ለ45 ብናካፍል 32 ገደማ ይወጣል። 1 ለ32 ደግሞ ሌላው የታወቀ የአትክልት ስፍራ ልክ ነው።

እንግዲህ በአንድ 45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ሁለቱንም ማስኬድ ይቻላል። የአያቶቻችንን ባቡር በ22.5፣ የእኛን በ32። አንድ ጣጣ ብቻ አለ። ጎን ለጎን ሲቆሙ ትንሹ አሮጌ ባቡር ከትልቁ አዲስ ባቡር ገዝፎ ይታያል። ልክ የሚያከርሩ ሰዎች ይህን ሲያዩ ያማቸዋል። «አንድ ልክ እንምረጥ» የሚለው ክርክር በየክበቡ የማያልቅ ነው። እኔ ብሆን ሁለቱን በተለያየ ቀን አስወጣቸዋለሁ።

ክበብ ወይስ ቅሬ

የእነዚህን ክበቦች አሠራር ለወሎ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ቅሬን፣ ሌላ ቦታ እድር የሚባለውን፣ ማሰብ ነው። አባል አለ፣ መዋጮ አለ፣ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ አለ፣ የጋራ ዕቃ አለ። ቅሬው ድንኳንና ድስት እንዳለው ሁሉ ክበቡ ሐዲድና ድልድይ አለው። ባቡሮቹ ግን ብዙውን ጊዜ የግል ናቸው። እያንዳንዱ የራሱን በሳጥን ይዞ ይመጣል፣ ነድቶ ይዞ ይመለሳል።

መሬቱን የሚያገኙት በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዶቹ በተራ በየአባሉ ግቢ ይሰባሰባሉ። ሌሎቹ ከፓርክ፣ ከሙዚየም ወይም ከባዛር ግቢ ቦታ ተሰጥቷቸው ቋሚ መንገድ ይዘረጋሉ። የሁለተኛው ዓይነት ጥሩ ምሳሌ ካሊፎርኒያ ፖሞና ላይ፣ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ባዛር በሚካሄድበት ግቢ ውስጥ አለ። መነሻው እ.ኤ.አ. 1924 ነው። የሚንከባከቡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ከውጪ ለሚያየው ሥራው ባቡር መንዳት ይመስላል። አይደለም። አብዛኛው መጥረግ ነው። ባቡር በሚነዳበት ቀን ጠዋት አንድ ሰው መጥረጊያ ይዞ ሐዲዱን ከዳር እስከ ዳር ይዞረዋል። ቅጠል፣ ጭራሮ፣ ቀንድ አውጣ ያነሳል። ቀንድ አውጣው ቀልድ አይደለም፤ ሐዲድ ላይ ሲጨፈለቅ ጎማ ያንሸራትታል። ሌላው ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ብርጭቆ ወረቀት አስሮ የሐዲዱን አናት ይፈትጋል። ሐዲዱ ብዙውን ጊዜ ነሐስ ነው። ኤሌክትሪኩ በሐዲዱ አልፎ በብረት ጎማው ወደ ሞተሩ ይገባል። ሐዲዱ ከጠቆረ ባቡሩ ይንተባተባል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ሦስተኛው ውሃ ልክ ይዞ ተንበርክኮ ይሄዳል። ሐዲዱ በአንድ በኩል ዘመም ካለ ፉርጎው እዚያች ቦታ ላይ መገልበጡ የታወቀ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው መንዳት የሚጀመረው። ብዙ ባቡር ባንድ ጊዜ ከወጣ አንድ ሰው ማን መቼ እንደሚገባና እንደሚወጣ ይናገራል። ደሴ መናኸሪያ ላይ ተራ አስከባሪ እንደምንለው ማለት ነው። እንደ ተራ አስከባሪም ይጮሃል። ጠንከር ያሉ ክበቦች ለየፉርጎው ካርድ ያዘጋጃሉ። ይህ ጨው ጭኗል፣ እዚያኛው ጣቢያ ይራገፍ፤ ይኼኛው ባዶ ነው፣ ይመለስ። መዘግየት ይቆጠራል። ሌሎቹ ደግሞ ባቡሩ ሲዞር ወንበር አውጥተው ቡና እየጠጡ ማየት ይበቃቸዋል። ሁለተኞቹ ይሻሉኛል።

መሬቱ ምን ይላል

ይህ ነገር ወሎ ላይ ቢተከል ከባዱ ነገር ባቡሩ አይሆንም። መሬቱ ነው።

ባለፈው ዓመት ኮምቦልቻ ግቢያችን ውስጥ ለሙከራ አራት ሜትር ያህል ዘርግቼ ነበር። የተገዛ ሐዲድ አይደለም። ከአሉሚኒየም በርና መስኮት ሠሪ የተረፈ ቁራጭ ነው። ባቡርም አልነበረኝም፤ የሰፈር ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ የሠሩትን ጋሪ ነበር የምገፋበት። በግንቦት ቀጥ ያለ ነበር። ነሐሴ ላይ እባብ መሰለ። አፈሩ ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ ያለውን ይዞ ይሄዳል። የተረፈውን ዶሮ ጫረችው። ጎረቤታችን እትዬ በአጥር አሻግረው አይተው «ኧረ ልጄ፣ ያንተ ባቡር ከዚያኛው ቀድሞ ሊገባ ነው እንዴ?» አሉኝ። ያኛው ማለታቸው ትልቁን ነው። መንገዱ ከተዘረጋ ዓመታት ሆኖታል፤ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደረሰና ንብረቱ ተዘረፈ።

ልምድ ያላቸው ሰዎች እንዲህ ያለውን አፈር ቆፍረው ያወጡታል። ስንዝር ያህል ቦይ ተቆፍሮ በጠጠር ይሞላል። ውሃው በጠጠሩ አልፎ ይወርዳል፣ ሐዲዱ ጠጠሩ ላይ ይቀመጣል። ልብ በሉ፣ ይቀመጣል እንጂ አይቸነከርም። ነሐስ በሙቀት ይረዝማል። 10 ሜትር ሐዲድ ከሌሊቱ ብርድ እስከ ቀትሩ ፀሐይ በ30 ዲግሪ ቢለያይ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ሲሚንቶ ላይ በብሎን ከታሰረ መሄጃ ያጣና ይጎብጣል። ጠጠር ላይ ከሆነ ትንሽ ተንሸራቶ ይመለሳል። የትልቁ ባቡር ሐዲድም ብዙ ጊዜ የሚተኛው ጠጠር ላይ ነው።

የጠጠሩ መጠንም ሂሳብ አለው። ትልቁ ሐዲድ ሥር ያለው ድንጋይ ጡጫ አያክልም፤ ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለ22.5 ሲካፈል ከ3 ሚሊ ሜትር አያልፍም። የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሄዳችሁ ዜሮ አንድ የሚባለውን ብትወስዱ ቋጥኝ ይመስላል። ዜሮ ዜሮው ይሻላል። ሹል ሹል ያለ ተፈጭቶ የወጣ ይሁን። የወንዝ ጠጠር ክብ ስለሆነ ይንከባለላል እንጂ አይያያዝም።

ቀጥሎ ዳገቱ። ባቡር ዳገት አይወድም፣ ትንሹም ትልቁም። ክበቦች በአንድ ሜትር ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይወጣ ይመክራሉ፤ 3 ሲደርስ ፉርጎ መቀነስ ይመጣል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ የወረደ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሚኒባሱ ሲጠማዘዝ ጆሮ ድፍን ይላል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ እንወርዳለን። ይህንን በ22.5 ብንቀንሰው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድና 27 ሜትር ከፍታ ይፈልጋል። ስምንት ፎቅ ነው። ግቢ ውስጥ አይገባም። ጥምዝምዙን ግን መስረቅ ይቻላል። ተዳፋት ግቢ ያለው ሰው ሐዲዱን እንደ ሐረጎ እያመላለሰ ቢያወርደው የከፍታው ስሜት ይመጣል። ወሎ ደግሞ ተዳፋት ግቢ ሞልቷታል። ኩርባው ብቻ አይጥበብ። የኤልጂቢ ጠባቡ ኩርባ ከመሃል እስከ ሐዲዱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ረጃጅም ፉርጎዎች እዚያ ላይ ሲዞሩ ያሳፍራሉ፤ እጥፉን መስጠት ደግ ነው።

ተክሉ ላይ ወሎ እድለኛ ነው። በ22.5 ልክ ሰው 7.5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ 20 ሜትር ዛፍ ደግሞ 90 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ የሚፈለገው ቅጠሉ ደቃቅ የሆነ ተክል ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ክበቦች ለመስክ የሚተክሉት ብዙ ጊዜ መሬት ለመሬት የሚሄድ የጦስኝ ዘመድ ነው። እኛ ጦስኙ ራሱ ደጋችን ላይ በቅሎ አለ። ባቡሩ ሲነካው ይሸታል። ለዛፍ አደስ አለ፤ ቅቤ ውስጥ ገብቶ ፀጉር ላይ የሚውለው እሱ። ቅጠሉ ትንሽ ነው፣ ሲቆርጡት ይታዘዛል። ጥድም ችግኝ እያለ ያምራል፣ ግን በየጊዜው መከርከም ነው። ከተዉት በጥቂት ዓመት ባቡሩን ጥላ ሥር ይከተዋል።

ቤቶቹን ሁሉም በፕላስቲክ አይሠራም። ኒውዮርክ የዕፅዋት ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ በሚያሳየው የባቡር ትርኢት ላይ ሕንፃዎቹ ከቅርፊት፣ ከፍሬ፣ ከቅጠልና ከጭራሮ የተሠሩ ናቸው። የሳር ክዳን ጎጆ ለሚያውቅ እጅ ይህ ብዙ የራቀ ሥራ አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ ግን ምስጥ አለ። እንጨት መሬት ሳይነካ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ።

ስለ ኃይልና ስለ ብር

በአጭሩ። በሐዲድ የሚሄደው ኤሌክትሪክ እስከ 24 ቮልት ነው፣ ሰው አይጎዳም። መብራት በሚጠፋበት አገር ግን ባትሪውን ባቡሩ ውስጥ አድርጎ በሪሞት መንዳት ይመረጣል። የሐዲድ መፈተጉም ይቀራል። እውነተኛ እንፋሎት የሚያፈሉ ትንንሽ ባቡሮችም አሉ፤ በጋዝ ወይም በአልኮል ውሃ አፍልተው ይሄዳሉ። ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ የተዘጋ ማፍያ ውስጥ ግን ግፊቱ ስለሚይዘው ይህ ብዙ ለውጥ አያመጣም። አንድ ጥሩ ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ፉርጎ ጎታቹ፣ ከመቶዎች እስከ ከሺህ በላይ ዶላር ያወጣል። ቀረጡን ስትጨምሩበት ከሽቦ መኪና የጀመሩት ልጆች የሚሻሉ ይመስለኛል። ሞተርና ጎማ ከውጪ፣ ቀሪው ከቆርቆሮ።

ምን ይሠራ ለሚለው፣ አዋሽ–ሐራ ገበያን ሙሉውን በ1 ለ32 ለመዘርጋት 12 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል። ማንም ይህን አያደርግም። ክበቦች ከአንድ መስመር ሦስት አራት ቦታ ይመርጡና መሃሉን በቁጥቋጦ ወይም በዋሻ ይደብቁታል። ባቡሩ ዋሻ ይገባል፣ ሲወጣ ሌላ አገር ነው። ከኮምቦልቻ ሜዳ ገብቶ ሐይቅ ዳር ቢወጣ የሚጠይቅ የለም። ለሐይቁ አንድ ሰፌድ የሚያህል ጉድጓድና ውሃ የማያፈስ ሸራ ይበቃል። ዶሮዋን ማሰር ነው።