«ጀግና ከእሳት አይሸሽም»፦ ስለ ደን እሳት አጥፊዎች ሥልጠና የሚነገሩ ስሕተቶች

በየዓመቱ በጋው ሲጠና፣ በተለይ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ከአንዱ ተራራ እሳት ተነሣ የሚል ዜና ይመጣል። አብሮት የሚመጣው አነጋገርም አይለወጥም፤ «ወጣቱ ነቅሎ ይውጣ፣ ጎበዝ ከሆነ ያጠፋዋል፤ ለእሳት ደግሞ ምን ሥልጠና ያስፈልጋል?» ሥራዬ የደን እሳት አጥፊ ቡድኖችን መሠረታዊ ትምህርት ማስተማር ነው። ይህን ጥያቄ ከአስተዳዳሪም፣ ከሽማግሌም፣ ከራሳቸው ከሠልጣኞቹም እሰማዋለሁ፤ ከጥያቄው በስተጀርባ ያለው እምነት ሰው የሚገድል በመሆኑም ትዕግሥቴ ካለቀ ቆይቷል።

ቀላል ቀላሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው።

«ውሃ ከሌለ እሳት አይጠፋም።» ይጠፋል። እሳት በሙቀት፣ በአየርና በሚቃጠል ነገር ይኖራል፤ ከሦስቱ አንዱን ከነሡት ይሞታል። ተራራ ላይ ውሃ እንደ ልብ ስለማይገኝ የምንነሣው የሚቃጠለውን ነገር ነው። ሣሩን፣ ቁጥቋጦውንና ብስባሹን በገጀራ፣ በዶማና በአካፋ ጠርገን ባዶው አፈር እስኪታይ ድረስ ማገጃ መስመር እናወጣለን። አንዲት ሥር ተሻግራ ከቀረች እሳቱ በእርሷ በኩል ይሻገራል።

«ሄሊኮፕተር ቢኖረን ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።» በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል። መምጣታቸው መልካም ነበር። ሆኖም ከአየር የሚደፋ ውሃ ነበልባሉን ያበርደዋል፤ በምድር ላለው ቡድን ፋታ ይሰጣል እንጂ ከሥር የሚነደውን ቆፍሮ አይጨርስም። ያን የሚያደርገው ዶማ የያዘ እግረኛ ነው።

«ለምለም ዛፍ አይነድም።» ባሕር ዛፍ በቅጠሉ ባለው ዘይት የተነሣ ለምለም ሳለ ይነዳል። በደጋው ጫፍ የሚበቅለው አስታም ቅጠሉ ደቃቅ፣ ቅርንጫፉ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ አንዴ ከያዘ አይመለስም።

«አፍንጫህን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነህ ግባ።» ጨርቅ በጭሱ ውስጥ ያለውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ አያስቀርም። ከወላፈን ፊት ደግሞ እርጥበቱ ወደ እንፋሎት ተለውጦ የመተንፈሻ አካልን ይልጣል፤ ደረቅ ጨርቅ ይሻላል፤ ከጭሱ መውጣት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

«ብዙ ሰው ከወጣ ይበቃል።» በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች ላይ እሳት ሲነሣ ወታደሩም፣ ተማሪውም፣ ገበሬውም በብዛት ወጥቷል፤ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ሳይቀር ባለሙያ መጥቷል። እሳቱ ግን ለሳምንታት ዘልቋል። አለቃው ማን እንደሆነ የማያውቅ፣ ከጎኑ ካለው ጋር መነጋገሪያ የሌለው መቶ ሰው፣ ተቆጥሮ ከተሰማራ የሃያ ሰው ቡድን ያነሰ ሥራ ይሠራል። አደጋው ግን የመቶ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ጀግና ከእሳት አይሸሽም» ይላሉ። እኔ በማስተምርበት ቦታ ሁሉ የመጀመሪያው ትምህርት ስለ መሸሽ ነው። መስመር ማውጣትም፣ መሣሪያ መያዝም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሠልጣኞች በዚህ ቅር ይላቸዋል፤ አንዳንዶቹ እንደ ስድብ ይቆጥሩታል። እኔም በየጊዜው አንድ ዓይነት ነገር አደርጋለሁ፤ ቡድኑን ከአንድ ተዳፋት አጋማሽ ላይ አቁሜ «እሳቱ ከታች ቢመጣባችሁ ወዴት ትሄዳላችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጠንካሮቹ፣ በተራራ ያደጉት ልጆች፣ ያለ ማመንታት ወደ ሸንተረሩ ጫፍ ያመለክታሉ። በጉልበታቸው ይተማመናሉ።

እሳት ግን አቀበት ሲወጣ ይፈጥናል። ነበልባሉ ከላይ ወዳለው ሣር ስለሚያዘነብል ሣሩን ሳይደርስበት ያደርቀዋል፣ ያግለዋል፤ ሲደርስ የተዘጋጀ ማገዶ ያገኛል። የአውስትራሊያ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ግምት እንደሚለው ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት በእጥፍ ያህል ያድጋል። ሰው በተቃራኒው አቀበት ሲወጣ ይዝላል። ከታች የሚመጣን እሳት ወደ ላይ ሮጦ ለማምለጥ የሚሞክር ሰው በየእርምጃው እየተሸነፈ የሚሄድበትን ውድድር ጀምሯል። በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ነፋሱ ተሰብስቦ ስለሚወጣ ከዚህም ይብሳል።

ይህ በደም የተጻፈ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 1949 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት፣ ማን ገልች በሚባል ሸለቆ፣ ከአውሮፕላን በጃንጥላ የወረደ ቡድን እሳት ከታች መጣበት። አለቃው ዋግነር ዶጅ ከባድ መሣሪያችሁን ጣሉ አለ፤ ቀጥሎም ከፊቱ ያለውን ሣር ራሱ ለኮሰና ወደ ተቃጠለው መሬት ገብቶ ተኛ። ኑ ብሎ ቢጣራም ሌሎቹ አልገባቸውም፤ ወደ ላይ ሮጡ። 13 ሰዎች ሞቱ። ዶጅ ተረፈ፤ አንዴ የተቃጠለ መሬት እንደገና የሚቃጠል ነገር የለውምና። ከ45 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ በኮሎራዶ ከሞቱት 14 እሳት አጥፊዎች 12ቱ በራሳቸው የማገጃ መስመር ላይ ወደ ሸንተረሩ እየወጡ ሳለ ነው እሳቱ የቀደማቸው። እነዚህ ፈሪዎች አልነበሩም፤ የሠለጠኑና ጉልበታም ሰዎች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1991 ፖል ግሊሰን የተባለ አሜሪካዊ የእሳት አጥፊ ጓድ አለቃ ከሥራ በፊት መሟላት ያለባቸውን አራት ነገሮች አስቀመጠ፤ እኔም የማስተምረው እነርሱን ነው። እሳቱን ብቻ የሚያይ፣ ዶማ የማይነካ አንድ ተመልካች ይኑር። ከእርሱና ከአለቃው ጋር መነጋገሪያ ይኑር፤ ሬዲዮ ከሌለ የፉጨት ወይም የጡሩንባ ምልክት ይወሰን። ከአንድ በላይ መውጫ መንገድ ይለይ፤ ሁሉም በእግሩ ሄዶ ይየው። መውጫው የሚያደርስበት እሳት የማይደርስበት ቦታ ይታወቅ፤ ተቃጥሎ ያለቀ መሬት፣ ሰፊ የታረሰ ማሳ ወይም ድንጋያማ ሜዳ ሊሆን ይችላል። አራቱ ካልተሟሉ ሥራ አይጀመርም። አለቃ ሆኖ ይህን የሚዘል ሰው ካየሁ ቡድኑን አስወጣለሁ፤ በዚህ አልደራደርም።

አንድ ጊዜ ይህን ሁሉ ያለ ሥልጠና የሚያውቅ ሽማግሌ ገበሬ አጋጥሞኛል። ነፋሱ ዞሮ ነበልባሉ ወደ መንደሩ ልጆች ሲመጣ እርሳቸው «ወደ አመዱ ግቡ!» እያሉ በዱላቸው እየነዱ ከተቃጠለው ሣር ውስጥ አስገቧቸው። ጫማቸው ተለብልቧል እንጂ ሁሉም ወጥተዋል። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ግን በኋላ «አስሸሹን» ብለው ያፍሩ ነበር። በዚህ ነው የምናደደው። ያሳፈራቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰሙት ያ አነጋገር ነው።

የሚሸሽ ሰው ደግሞ ጉልበት ስለሚያስፈልገው ብቃትን እንለካለን። በአሜሪካ የሚሠራበት ፈተና 20 ኪሎ ግራም ያህል ተሸክሞ 4.8 ኪሎ ሜትር በ45 ደቂቃ መራመድ ነው፤ መሮጥ ክልክል ነው። በእኛ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ከቆላ የመጣ ጎልማሳ የመጀመሪያው ቀን ላይ ይቸገራል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

እሳት ለማጥፋት የምትወጡ ከሆነ የእግር ኳስ ማሊያ አትልበሱ፤ ፖሊስተርና ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። እጅጌው ረጅም የሆነ የጥጥ ልብስ ልበሱ፤ የሚንዘላዘል ጋቢ ግን እቤት ይቅር። የፕላስቲክ ጫማ አይሆንም፤ የቆዳ ጫማ ይሁን። ውሃ ሳይጠማችሁ በየጊዜው ጠጡ። ዶማና ገጀራ ይዛችሁ ስትሄዱ በመካከላችሁ ቢያንስ ሦስት ሜትር ያህል ይኑር፤ ስለቱ ወደ ታች ሆኖ በቁልቁለቱ በኩል ይያዝ። ቅርንጫፍ ይዞ ነበልባል መደብደብ የሚሠራው ከጉልበት በታች ለሆነ የሣር እሳት ነው፤ ያውም ከተቃጠለው በኩል ሆኖ፣ ጎኑን እየተከተሉ። ከፊቱ ቆሞ የሚደበድብ ሰው ይመለስ።

«ነበልባሉ ጠፋ፣ ወደ ቤት እንግባ» የሚለውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። በሰሜን ተራሮች ያ እሳት ጠፋ ከተባለ በኋላ እንደገና ተነሥቷል። ፍሙ በአስታው ሥርና በብስባሹ ውስጥ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጓንታችሁን አውልቃችሁ የእጃችሁን ጀርባ ወደ አመዱ አስጠጉ፤ ሙቀት ከተሰማችሁ ቆፍሩ፣ ከአፈር ጋር ቀላቅሉ፣ እንደገና ፈትሹ። ከመስመሩ ዳር ጀምራችሁ ወደ ውስጥ ግቡ። ቦታውን በፈረቃ የሚጠብቅ ሰው አቁሙ፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይና ነፋስ ሲበረቱ፣ ተመልሳችሁ እዩት።