ሚኻይሎቭስኮዬ፦ የፑሽኪን የገጠር ርስት

ሚኻይሎቭስኮዬ በምዕራብ ሩሲያ፣ በፕስኮቭ ክልል የሚገኝ የገጠር ርስት ነው። ገጣሚው አሌክሳንደር ፑሽኪን በግዞት የኖረው እዚህ ነው። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ጎረቤት ርስቶቹ ትሪጎርስኮዬና ፔትሮቭስኮዬ፣ እንዲሁም መቃብሩ ያለበት የስቪያቶጎርስክ ገዳም የዚሁ ሙዚየም አካል ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መሬቱ ወደ ቤተሰቡ የገባው በ1742 ነው። የሩሲያዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ ለአብራም ሃኒባል ሰጠችው። ሃኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በቁስጥንጥንያ በኩል ሩሲያ ገባ። ንጉሡ ታላቁ ጴጥሮስ ክርስትና አነሳው። ፈረንሳይ ሄዶ ምህንድስና ተማረ፤ በኋላም ጄኔራል ሆነ። ለፑሽኪን በእናቱ በኩል ቅድመ አያቱ ነው።

የትውልድ አገሩ ያከራክራል። ቤተሰቡ ያቆየው የሕይወት ታሪክ የአቢሲኒያ መኳንንት ልጅ ይለዋል። እሱ ራሱ ሎጎን በምትባል ከተማ መወለዱን ጽፏል፤ የቆየው አስተያየት ይህችን ከመረብ ማዶ ያደርጋታል። በ1990ዎቹ የቤኒኑ ተመራማሪ ዲየዶኔ ኛማንኩ ‹‹የለም፣ ወደ ካሜሩን በኩል ናት›› ብሎ ተከራክሯል፤ የተቀበሉትም አሉ። አዲስ አበባ ግን ነገሩን ከቆረጠች ቆይታለች። ሳር ቤት አካባቢ በገጣሚው ስም አደባባይ ሰይማለች።

ሃኒባል ሲሞት ሚኻይሎቭስኮዬ ለልጁ ለኦሲፕ፣ ፔትሮቭስኮዬ ደግሞ ለፒዮትር ደረሰ። የኦሲፕ ልጅ ናዴዥዳ የፑሽኪን እናት ናት። ፑሽኪን መጀመሪያ የመጣው በ1817፣ ትምህርቱን እንደጨረሰ ነው። ያኔ ሽማግሌው ፒዮትር በሕይወት ነበር። ቮድካ አስመጣና ለራሱ ቀዳ፤ ለወጣቱ ፑሽኪንም እንዲቀዱለት አዘዘ። ፑሽኪን ፊቱን ሳያኮሳትር ጠጣ። ሽማግሌው በጣም ደስ አለው፤ ይህን የጻፈልን ፑሽኪን ራሱ ነው።

ርስቱን ያስጠራው ግን ግዞቱ ነው። ፑሽኪን ስለ ክህደተ እግዚአብሔር የጻፈው ደብዳቤ በመንግሥት እጅ ገባ። ኦዴሳ ከነበረው ሥራው ተባረረና በነሐሴ 1824 ወደዚህ ተላከ። አባቱ እንዲጠብቀው ተደርጎ ስለነበር ተጣሉ። በኅዳር ቤተሰቡ ጥሎት ሄደ፤ ከሞግዚቱ ከአሪና ሮዲዮኖቭና ጋር ቀረ። ማታ ማታ ተረት ትነግረዋለች፣ እሱ ይጽፋል። በጥር 1825 ጓደኛው ፑሽቺን ድንገት ሲመጣበት በዚያ ብርድ በባዶ እግሩ፣ በሸሚዝ ብቻ ሮጦ ወጣ። ‹‹ቦሪስ ጎዱኖቭ›› የተባለውን ተውኔት የጨረሰው፣ በግጥም የተጻፈውን ልብ ወለድ የ‹‹ዬቭጌኒ ኦኔጊን››ን መካከለኛ ምዕራፎች የጻፈው በነዚህ ሁለት ዓመታት ነው።

አንድ ወሬም አለ። በታኅሣሥ 1825 ንጉሡ መሞቱን ሲሰማ በድብቅ ወደ ፒተርስበርግ ተነሳ። ጥንቸል መንገዱን አቋረጠችው። ገድ የሚያይ ሰው ነበርና ተመለሰ። ባይመለስ ኖሮ መኮንኖች በንጉሣዊው አገዛዝ ላይ ያነሱት የታኅሣሥ 14ቱ አመፅ ውስጥ ገብቶ አብሮ ይታሰር ነበር ይላሉ። እውነትም ይሁን ተረት፣ በ2000 ለጥንቸሏ እዚያው ሐውልት ቆሞላታል።

ግዞቱ በመስከረም 1826 አበቃ። በ1827 ክረምት ተመልሶ ስለ ቅድመ አያቱ ልብ ወለድ ጀመረ፤ ሳይጨርሰው ቀረ። በ1837 በአንድ ለአንድ ፍልሚያ ቆስሎ ሲሞት እናቱ አጠገብ፣ በገዳሙ ተቀበረ።

‹‹ፑሽኪን የኖረበትን ቤት አያለሁ›› ብሎ የሚሄድ ሰው ይህን ይወቅ፦ ቤቱ እንደገና የተሠራ ነው። የድሮው በ1860ዎቹ ፈረሰ። ተተኪው በ1908 ተቃጠለ። ሌላ ተሠራ፤ እሱንም በ1918 እሳት በላው። በ1922 ቦታው ጥብቅ ስፍራ ተባለ። በ1937 የታነጸው ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደመ። ጀርመኖች ሲወጡ ገዳሙን በፈንጂ አጥረውት ነበር፤ ሲያመክኑ የሞቱ ወታደሮች አሉ። አሁን የቆመው የ1949 ነው። ያቆመው አንድ እጁን በጦርነቱ ያጣው ሴምዮን ጌይቼንኮ ነው፤ ከ1945 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ በዳይሬክተርነት ሠርቷል። የዚህ ሰው ውለታ ተነግሮ አያልቅም።

ቤቱ ፎቅ የሌለው፣ የእንጨት፣ መለስተኛ ነው። ከበስተጀርባው ሶሮት ወንዝና ሐይቁ ወለል ብለው ይታያሉ። በየዓመቱ በሰኔ መጀመሪያ፣ በልደቱ ሰሞን፣ የግጥም በዓል ስለሚካሄድ ቦታው በሰው ይጨናነቃል። ጎብኚው በብዛት ሚኻይሎቭስኮዬንና መቃብሩን አይቶ ይመለሳል። ከሐይቁ ማዶ ያለው ፔትሮቭስኮዬ በ1918 ተቃጥሎ በ1977 የሃኒባሎች ሙዚየም ሆኖ ተከፍቷል። ከኛ አገር ለሚሄድ ሰው ጊዜ ካጠረው ትሪጎርስኮዬ ይቅርበት፤ ይህኛውን ግን ሳያይ እንዳይመለስ።