ማኅበራዊ ጄት ላግ ምንድን ነው?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኝቶ ረፋድ 5 ሰዓት የሚነሳ ሰው 8 ሰዓት ተኝቷል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቶ ንጋት 12 ሰዓት የሚነሳውም እንዲሁ 8 ሰዓት ነው። እንቅልፋም የሚባለው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሌሊት የሚቀናውን ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ማምሸቱ ብቻ ሳይሆን በሥራ ቀን አንድ፣ በዕረፍት ቀን ሌላ የእንቅልፍ ሰዓት መያዙ ነው። የሁለቱ ልዩነት ማኅበራዊ ጄት ላግ ይባላል፤ ጄት ላግ በአውሮፕላን ሩቅ አገር የሄደ ሰው በሰዓት ልዩነት የሚገጥመው የእንቅልፍ መዛባት ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቁት የሙኒኩ ተመራማሪ ቲል ሮነበርግና ባልደረቦቹ ናቸው።

ልዩነቱን ለመለካት ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ለሁለት ሳምንት የተኙበትንና የነቁበትን ሰዓት ይጻፉ፤ አልጋ ውስጥ የገቡበትን ሳይሆን እንቅልፍ የወሰደዎትን። ከዚያ የእንቅልፉን መሐል ይፈልጉ። በሥራ ቀን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኝቶ 12፡30 በደወል የሚነሳ ሰው መሐሉ 9፡45 ላይ ይውላል። በዕረፍት ቀን ከሌሊቱ 9 እስከ ረፋድ 5 ከተኛ መሐሉ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ልዩነቱ 3 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። (የዕረፍት ቀኑ እንቅልፍ የሳምንቱን ጉድለት ማካካሻም ስለሆነ ቁጥሩ ትንሽ ይጋነናል።)

መንገደኛ ከሄደበት አገር ጋር በጥቂት ቀናት ይላመዳል፤ ፀሐይዋም አብራው ተቀይራለችና። እዚህ ግን ፀሐይዋ ባለችበት ናት፣ የሚቀየረው ደወሉ ብቻ ነው። አንጎል ውስጥ 20,000 ገደማ ነርቭ ሴሎች ያሉት የሰውነት ሰዓት የሚታዘዘው በዋናነት ለብርሃን ነው። ይህ ሰዓት በራሱ ሲተው ዑደቱ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከ24 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ይበልጣል፤ ስለዚህ በየቀኑ በብርሃን ካልተስተካከለ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሰዓቱ የሚዘገይበት ሰው በከፊል በዘር ያገኘው ነው። ዕድሜም አለበት፦ በጉርምስና እንቅልፍ እየመሸ ይሄድና ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ቀስ እያለ ይመለሳል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ማስተካከያው ላይ ነው። «ነገ ንጋት ተነስቼ ፀሐይ እሞቃለሁ» ማለት ነገሩን ሊያባብስ ይችላል። የሰውነት ሙቀት በጣም ዝቅ የሚለው በተፈጥሮ ከሚነቁበት ሰዓት 2 ወይም 3 ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ ነጥብ በኋላ የሚገባ ብርሃን ሰዓቱን ወደፊት ያመጣዋል፤ ከዚያ በፊት የሚገባው ግን የበለጠ ያዘገየዋል። ረፋድ 5 ሰዓት የሚነቃ ሰው ዝቅተኛው ነጥብ ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ስለሆነ የ12 ሰዓት ፀሐይ ለእሱ የምሽት መብራት ማለት ናት።

ስለዚህ በደረጃ ይኬዳል። መጀመሪያ በለመዱት ሰዓት ነቅተው ወዲያው ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ይቆዩ፤ ዳመናማ ቀን እንኳ ከክፍል መብራት እጅግ ይበልጣል። በየ2 ወይም 3 ቀኑ መነሻውንም ብርሃኑንም 15 ወይም 30 ደቂቃ ያስቀድሙ። ከመኝታ 2 ሰዓት በፊት የጣሪያ መብራት አጥፍተው በደብዛዛ ይቀመጡ። ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈልግ ከሰዓት በኋላ ያቁሙት። በዕረፍት ቀን መነሻው ከሥራ ቀኑ ከ1 ሰዓት በላይ አይራቅ። የሳምንቱን ድካም እስከ ቀትር በመተኛት የሚያካክስ ሰው እሁድ ማታ ዓይኑ አልከደን ይለዋል፤ ገና ስላልደከመውም፣ የሰውነቱ ሰዓት በሁለት ቀን ስለዘገየም። ካስፈለገ ቀን 20 ደቂቃ ሸለብ ማድረግ ይሻላል።

ሜላቶኒን (ሲመሽ አንጎል የሚያመነጨው ሆርሞን፣ በክኒንም የሚገኝ) እንደ እንቅልፍ ክኒን መኝታ ላይ ሲዋጥ ሰዓቱን እምብዛም አያንቀሳቅስም። ለማስቀደም የሚጠቅመው ትንሽ መጠን፣ 0.5 ሚሊግራም ያህል፣ ከለመዱት የመኝታ ሰዓት በርከት ያሉ ሰዓታት ቀድሞ ሲወሰድ ነው፤ ያውም ሐኪም ተጠይቆ።

የማታ ፈረቃ ወይም ሰዓቱ የሚለጠጥ ሥራ ያለው ሰው ይህን ሁሉ መድከም የለበትም። ሰባቱንም ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኝቶ ረፋድ 5 መነሳት ጄት ላጉን ዜሮ ያደርገዋል። የሚያስፈልገው ብርሃን የማያሳልፍ መጋረጃና ረፋድ ላይ ድምፁ የጠፋ ስልክ ነው።