ኮንክ ምንድን ነው? በኮራል አኳሪየም ውስጥ አሸዋ የሚያጸዳው ቀንድ አውጣ

ኮንክ ስትሮምቢዴ ከሚባለው ቤተሰብ የሚመደብ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ጨዋማ ውኃ ባለው የኮራል አኳሪየም ውስጥ የሚገባው አሸዋውን እንዲያጸዳ ነው። መስታወትና ዐለት ላይ ያለ አልጌ የሚፍቁ ቀንድ አውጣዎች ሞልተዋል፤ ትሮከስ፣ ቱርቦና አስትሪያ በዚህ የታወቁ ናቸው። አሸዋ ላይ ግን ብዙም አይረዱም። እንዲያውም አስትሪያ አሸዋ ላይ በጀርባው ከወደቀ ራሱን ማቃናት ያቅተውና እዚያው ይሞታል። ናሳሪየስ የሚኖረው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ቢሆንም የሚፈልገው የተረፈ ሥጋ ነክ ምግብ እንጂ አልጌ አይደለም። ኮንክ ግን አሸዋው ላይ የሚለብሰውን ቡናማ ዲያቶም (በዓይን የማይታዩ ደቃቅ የአልጌ ዓይነቶች)፣ ስስ አረንጓዴ አልጌ፣ የዓሣ ምግብ ትራፊና ዝቃጭ እየለቀመ ይበላል። ኮራል አይነካም።

የሚበላው ከዛጎሉ ሥር በሚያወጣው ረጅም ኩምቢ ነው። አፉ ኩምቢው ጫፍ ላይ ስለሆነ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞረ የአሸዋውን ገጽ ይጠርጋል። ሁለቱ ዓይኖቹ በረጃጅም ዘንጎች ላይ ተቀምጠው ዙሪያውን ይቃኛሉ። አካሄዱም ከሌሎች ቀንድ አውጣዎች ይለያል፦ እግሩ ላይ ያለችውን ማጭድ የመሰለች ጠንካራ ጥፍር አሸዋው ውስጥ ይተክልና ራሱን ወደ ፊት ይገፋል። ቢገለበጥም በዚችው ጥፍር ተመልሶ ይቃናል።

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ፋይቲንግ ኮንክ ነው። በዚህ ስም ሁለት ዝርያዎች ይሸጣሉ፦ በፍሎሪዳና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚኖረው ስትሮምበስ አላተስ እና የካሪቢያኑ ስትሮምበስ ፑጂሊስ። ሁለቱም እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋሉ። ‹‹ተዋጊ›› የተባሉት ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ስለሚጋፉ ነው፤ ዓሣንም ሆነ ሽሪምፕን አይተናኮሉም። ታይገር ኮንክ ከእነዚህ ስለሚያንስ ለአነስተኛ ገንዳ ይሻላል። ኩዊን ኮንክን ግን ባትገዙ ይመረጣል። ትንሽ ሆኖ ሲሸጥ ያምራል፤ ሲያድግ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ የቤት ገንዳም አይበቃውም። በዚያ ላይ በባሕር ውስጥ ቁጥሩ በመመናመኑ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ስምምነት፣ ቁጥጥር ሥር ነው።

ቀይ ባሕርም የራሱ ኮንኮች አሉት፤ ለምሳሌ ነጭ ዛጎሉ ላይ ጥቋቁር ቀጫጭን መስመሮች የተሰመሩበት ኮኖሙሬክስ ፋሺያተስ። ሆኖም በጂዳም ሆነ በሌላ የባሕር ዳርቻ ከተማ የምትኖሩ ሰዎች ከባሕር በእጃችሁ አትልቀሙ። በዚያው አካባቢ የሚኖረው ኮን የሚባል ቀንድ አውጣ ከአንዳንድ ኮንኮች ጋር በቅርጹ ይመሳሰላል፤ የሚወጋበት መርዛማ ጥርስም አለው። ከዝርያዎቹ ውስጥ ጂኦግራፊ ኮን ሰው ሊገድል ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ኮንክ የሚያጸዳው ስለሚበላ ብቻ ነው፤ አሸዋው ንጹሕ ሲሆን ምግቡ አለቀ ማለት ነው። በቤት ገንዳ ውስጥ ኮንክን በብዛት የሚገድለው ረኃብ ነው፤ የሚጀምረውም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። አዲስ ገንዳ በተሞላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አሸዋው በዲያቶም ቡናማ ይሆናል። ባለቤቱ ይደነግጥና ሁለት ሦስት ኮንክ ገዝቶ ያስገባል። ዲያቶም የሚያድገው ውኃው ውስጥ ባለው ሲሊኬት በሚባል ማዕድን ስለሆነ ሲሊኬቱ ሲያልቅ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ሰውየው ቀንድ አውጣዎቹ ሥራቸውን እንደ ሠሩ ያምናል፤ እነሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እየከሱ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ በአንድ ሲሞቱ የውኃው ጥራት ይመረመራል እንጂ ረኃብን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ስለዚህ ኮንክ ከመግባቱ በፊት ገንዳው ቢያንስ ስድስት ወር ይሙላው። የኮንኮቹን ቁጥርም ከሊትሩ ይልቅ ክፍት በሆነው የአሸዋ ስፋት መወሰን ይሻላል። እንደ መነሻ ከ110 እስከ 150 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ አንድ ፋይቲንግ ኮንክ ይበቃል። 90 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወለል ኖሯችሁ ግማሹን ዐለት ከያዘው፣ ያው አንድ ነው። ሁለተኛውን መጨመር የሚያስፈልገው ከወራት በኋላም አሸዋው ቶሎ ቶሎ የሚለብስ ከሆነ ነው። አሸዋ የሚያበጥር የባሕር ኮከብ ካለ ምግቡን ስለሚሻማው ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ።

ድጎማ ምግብም ያስፈልጋል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ 3 በ3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኖሪ (የደረቀ የባሕር አልጌ ቅጠል) በትንሽ ድንጋይ ተጭኖ አሸዋው ላይ ይቀመጥ። በአልጌ የተሠራ፣ ወደ ታች የሚሰጥም ምግብም ይሆናል፤ ዓሣዎች እንዳይቀድሙት በቱቦ አድርጋችሁ ከአፉ አጠገብ ጣሉለት። ጠዋት የተረፈውን አውጡ።

አሸዋው ደቃቅ፣ ቅንጣቱም ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ጥልቀቱም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ሸካራ የኮራል ስብርባሪ ላይ መቆፈርም መመገብም ይቸገራል። ኮንክ በአሸዋ ውስጥ ስለሚቀበር ከዐለት ሥር ሊሰረስር ይችላል፤ አሸዋው ላይ የተደረደረ ዐለት በዚህ የተነሣ ተንሸራቶ መስታወት ሊሰብር ይችላል። መፍትሔው ዐለቱን አስቀድሞ በገንዳው ወለል ላይ ማስደላደልና አሸዋውን ከዚያ በኋላ ዙሪያውን ማፍሰስ ነው።

ውኃው ለኮራል ከተስማማ ለኮንክም ይስማማል፦ ስፔሲፊክ ግራቪቲ (የጨዋማነት መለኪያ) ከ1.025 እስከ 1.026፣ ሙቀት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ካልሲየም ከ400 እስከ 450 ፒፒኤም (በሊትር ሚሊ ግራም ያህል)፣ አልካሊኒቲ (ውኃው አሲዳማ እንዳይሆን የሚከላከልበት አቅም) ከ8 እስከ 10 ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ፣ አሞኒያ ዜሮ። መዳብ ግን ይገድለዋል። ዓሣን ከጥገኛ ተሕዋስያን ለማከም መዳብ ያለበት መድኃኒት የምትጠቀሙ ከሆነ ሕክምናው በሌላ ገንዳ ይሁን፤ የዚያ ገንዳ ውኃም ወደ ዋናው አይመለስ።

ብዙ ሱቆች የዓሣ ገንዳዎቻቸውን የጨው መጠን ዝቅ አድርገው ስለሚይዙ፣ ኮንክ የመጣበትን ውኃ በሪፍራክቶሜትር (የጨው መጠን መለኪያ መሣሪያ) ለኩ። ከዚያ ከረጢቱን ወደ ባልዲ ገልብጣችሁ ከገንዳው በቀጭን የአየር ቱቦ ውኃ አንጠባጥቡ። ቱቦውን ቋጠር በማድረግ በሰከንድ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ እንዲወርድ አድርጉ፤ ውኃው ሦስት እጥፍ እስኪሆን፣ አንድ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ጊዜውን አርዝሙት። በመጨረሻ ቀንድ አውጣውን ብቻ አንሡና የዛጎሉን አፍ ወደ ታች አድርጋችሁ አሸዋው ላይ አስቀምጡት። የሱቁን ውኃ ድፉት።

ጠላቶቹን ከመጀመሪያው አስቡ። ትሪገርፊሽና ፓፈርፊሽ የሚባሉት ዓሣዎች ይበሉታል። ባዶ ዛጎል ውስጥ የሚኖረው ሸርጣን፣ ትልልቅ ኸርሚት ክራብ፣ ዛጎሉን ለመውረስ ይገድለዋል፤ ባዶ ዛጎሎችን በየመጠኑ ማስቀመጥ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ኮንክ ለቀናት ተቀብሮ፣ ዓይኖቹን ብቻ አውጥቶ ሊቆይ ስለሚችል ወዲያው አትቆፍሩት። አሸዋው ላይ ወጥቶ ሳይንቀሳቀስ ከዋለ ግን አንሡት፤ ሕያው ከሆነ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ከሞተ ሽታው ይነግራችኋል። የአንድ ትልቅ ኮንክ ሥጋ ሲበሰብስ በትንሽ ገንዳ ውስጥ አሞኒያን ከፍ ስለሚያደርግ በዚያው ቀን አውጥታችሁ ውኃውን ለኩ።

ኮንክ ዐለት ላይ የበቀለውን ፀጉር መሰል አልጌ አያጸዳም። ቀይ ንጣፍ የሚመስለውን ሳይኖባክቴሪያም እንዲያጠፋ አትጠብቁ፤ እሱ የሚቀንሰው የዓሣ ምግብ ሲመጠንና ፓምፑ አሸዋው ላይ በቂ ፍሰት ሲሰጥ ነው። ቡናማው ዲያቶም ከስድስት ወር በኋላም የማይለቅ ከሆነ የአርኦ ዲአይ ማጣሪያችሁን (የቧንቧ ውኃን ከተሟሙ ነገሮች የሚያጠራውን) መርምሩ፤ የሚወጣው ውኃ በቲዲኤስ (በውኃ ውስጥ የተሟሙ ነገሮች) መለኪያ ዜሮ ማሳየት አለበት። ዜሮ እያሳየም ሲሊኬት ሊያልፍ ስለሚችል የቆየውን የዲአይ ሬዚን (የማጣሪያውን የመጨረሻ ማጥሪያ ቅንጣቶች) ቀይሩት።