«ለኔ ኪሎ ካይት አይሆንም» ለምትሉ

ዱባይ፣ ካይት ቢች። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በካይት፣ ማለትም ንፋስ በሚይዝ ትልቅ የጨርቅ ክንፍ፣ ይሞላል፤ ከሥሩ ሰዎች በቦርድ ባሕሩ ላይ ይከንፋሉ። አንድ መቶ ኪሎ ያለፈ ወዳጄ ቆሞ አየና «ለኛ ዓይነቱ አይደለም» ብሎ ተወው። በጣም ቆጨኝ። ካይትቦርዲንግን፣ በካይት እየተጎተቱ በቦርድ ውሃ ላይ መንሸራተትን፣ በወሬ የተዉት ብዙ ናቸው።

«ንፋሱ አይጎትተኝም።» ይጎትታችኋል፤ ጉዳዩ የዕቃ ልክ ነው። ንፋሱ 15 ኖት (በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሲሆን ለ75 ኪሎ ሰው 11 ካሬ ሜትር ገደማ ካይት ይበቃል። ለ100 ኪሎ ሰው 15 ካሬ አካባቢ ያስፈልጋል።

«እንግዲያው ትልቁን ካይት ልያዝ።» ቆይ! ትልቅ ካይት ለመዞር ይዘገያል፣ ጀማሪን ያስቸግራል። መጀመሪያ ቦርዱ ይተለቅ። 160 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ሰፋ ያለ ቦርድ በትንሽ ፍጥነትም ውሃው ላይ ያንሳፍፋችኋል። በ138 ሴንቲ ሜትሩ ቦርድ ላይ ተነስታችሁ ወዲያው የምትሰምጡ ከሆነ፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። አስተማሪያችሁን ትልቅ ቦርድ ጠይቁት፤ አትፈሩ።

«የክንድ ጉልበት ይፈልጋል።» አይፈልግም። ጉተታውን የሚችለው ሰውነታችሁ ላይ የሚታሰረውና ካይቱ የሚያያዝበት መታጠቂያ ነው። ባሩን፣ በእጅ የሚያዘውን የካይቱን መቆጣጠሪያ ዘንግ፣ ወደ ራሳችሁ ስትስቡ የካይቱ ጉልበት ይጨምራል፣ ስትለቁት ይቀንሳል። ስትደነግጡ ጨምድዳችሁ አትያዙት።

ስለ መታጠቂያው ግን አንድ ነገር ልበል። ቦርጭ ካለ፣ የወገቡ ዓይነት ወደ ጎድን እየሸሸ ትንፋሽ ያሳጥራል። በጭን መካከል ማሰሪያ ያለው፣ እንደ መቀመጫ የሚይዘው ይሻላል። አሸዋው ላይ ታጠቁትና መንጠቆውን ሽቅብ ሳቡት። ደረታችሁ ድረስ ከመጣ ሌላ ይቀየርላችሁ።

«ከባድ ስለሆንኩ ከመሬት አያነሳኝም።» ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 12 ኖት የነበረው ድንገት 24 ቢሆን፣ ለኪሎአችሁ ተብሎ የተሰጣችሁ ያው ትልቅ ካይት 100 ኪሎውንም ብድግ ያደርገዋል። ስለዚህ የአደጋ መፍቻውን፣ የካይቱን ጉልበት በአንዴ የሚያጠፋውን፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክታገኙት ድረስ የብስ ላይ ተለማመዱ። ንፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ከሆነ ደግሞ የዛን ቀን አትግቡ።

«መጀመሪያ ልክሳ።» የለም፣ መጀመሪያ ዋና ተማሩ። ከዚያ ውሃው ከወገብ የማያልፍበት ቦታ ፈልጉ፤ የግብፁ ኤል ጉና እንዲህ ያለ ዳርቻ አለው። ወድቃችሁ ትቆማላችሁ፣ ቦርዱን አንስታችሁ ደግሞ ትሞክራላችሁ።