ቶማስ ዶንጋን፦ አየርላንዳዊው የኒው ዮርክ አገረ ገዥ

ቶማስ ዶንጋን (1634–1715 እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችውን ኒው ዮርክን ከ1683 እስከ 1688 ያስተዳደረ አየርላንዳዊ ነው። የተወለደው በኪልዴር፣ ዛሬ ሴልብሪጅ በምትባለው ከተማ፣ ከካቶሊክ ባላባቶች ቤት ነው። ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በ1649 አንገቱ ሲቀላ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ። ቶማስም በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ኮሎኔል እስከመሆን ደረሰ። በኋላ ያኔ በእንግሊዝ እጅ የነበረችው የሰሜን አፍሪካዋ ከተማ የታንጂር ምክትል ገዥ ሆኗል።

ስሙ የሚነሳው ግን በ1683 ነው። ኒው ዮርክ ሲደርስ ነጋዴው ያልመከረበትን ቀረጥ አልከፍልም ብሎ ነበር። ዶንጋን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የሕዝብ ተወካዮችን በፎርት ጄምስ ምሽግ ሰበሰበ። ጉባኤው የነፃነትና የመብት ቻርተር የተባለ ሰነድ አወጣ። ያለ ተወካዮቹ ስምምነት ግብር አይጣልም፤ ሰላም እስካላደፈረሰ ድረስ ማንም ክርስቲያን በእምነቱ አይነካም ይላል። ከክርስትና ውጭ ያለውን አልጠቀሰም፤ ለዘመኑ ግን ትልቅ እርምጃ ነው። ግዛቱም በ12 አውራጃዎች ተከፈለ። አለቃው የዮርክ መስፍን ጄምስ በ1685 ሲነግሥ ግን ቻርተሩን ውድቅ አደረገው። ዶንጋን አልቦዘነም። በ1686 ለኒው ዮርክና ለአልባኒ ከተሞች የየራሳቸውን የመተዳደሪያ ቻርተር ሰጠ። በዚህ አጋጣሚ ኪሱን ሞልቷል የሚሉ አሉ፤ ክፍያ መቀበል ግን ያኔ ለገዥዎች የተለመደ ነበር።

በ1687 ወደ ለንደን የላከው ዘገባ ሰውየውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የሃይማኖቱን ዓይነት አንድ በአንድ ይቆጥራል፦ ጥቂት ካቶሊኮች፣ ብዙ ኩዌከሮች (የፕሮቴስታንት ወገን ናቸው)፣ ዘማሪ ኩዌከሮች፣ ሰንበት አክባሪዎች፣ የማያከብሩም፣ አይሁዶች። በመጨረሻ አብዛኛው ሰው ከየትኛውም የለበትም ይላል።

ካቶሊክ ቢሆንም ለካቶሊኳ ፈረንሳይ አላደላም። የአካባቢው ነባር ነዋሪ የሆኑት የኢሮኳ ሕዝቦች የእንግሊዝ ወዳጅ እንዲሆኑ ጠንክሮ ሠርቷል። የፈረንሳይ ካናዳ ገዥ ዴኖንቪል ሰዎችህ ለኢሮኳዎች ሩም የተባለውን አረቄ ይሸጣሉ ብሎ ሲከሰው፣ የእኛ ሩም ከእናንተ ብራንዲ የበለጠ አይጎዳም ብሎ መለሰለት።

በ1688 በኤድመንድ አንድሮስ ተተካ። በ1691 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። በ1698 ወንድሙ ሲሞት የሊመሪክ ኧርልነት ማዕረግ ደረሰው፤ ርስቱ ግን ቀድሞ ተወርሶ ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። ያገኘው ጥቂቱን ብቻ ነው። ለንደን ውስጥ ሞቶ በሴንት ፓንክራስ ተቀበረ። የኒው ዮርክ ደሴት በሆነችው ስታተን አይላንድ ላይ ርስት በነበረው አካባቢ ያለው ሰፈር ዛሬም ዶንጋን ሂልስ ይባላል።